የዳልቻ እሮሮ

ተረት ተረት፣ የበሬ በረት።

ዳልቻ የሚባል፣ ምንም ነገር የማይጥመው ሽማግሌ በሬ ነበር። በሠርግ ሰሞን፣ ከጥጃ ቆዳ የተሠራ አዲስ ከበሮ ሲመታ ሰማና ቱግ አለ። በረቱ ግድግዳ ላይ ወደተሰቀለው አሮጌ ከበሮ ዞሮ፣ "ይሄም ዘፈን ተብሎ! ጫጫታ ብቻ! ከበሮ ድሮ ቀረ። ያንተን ድምፅ ስሰማ እኮ ሟቹ አባቴ ትዝ ይለኛል" አለው።

"ታዲያ እኔ ማን መሰልኩህ፣ ልጄ?" አለ ከበሮው።

ዳልቻ የሚያመሰኳው ሣር ጉሮሮው ላይ ተሰነቀረ። ቀና ብሎ ቢያይ፣ ያው የአባቱ ዥጉርጉር ቆዳ ነው! ዞሮ ሊሮጥ ሲል ጌታው በሩ ላይ ቆመዋል።

"እውነትህን ነው፣ ዳልቻ" አሉ፣ ካራቸውን እየሳሉ። "የጥጃ ቆዳ ድምፅ የለውም። የድሮውን ድምፅ የሚሰጠው የሽማግሌ በሬ ነው።"

ተረቴን መልሱልኝ፤ ከበሮውን ስትመቱ ግን ቀስ በሉ።