አንበሳ የተቀመጠበት ጋሪ

አንድ ጊዜ፣ የግንቦት ደመና ከተራራው ጀርባ ብቅ እያለ መመለስ በጀመረበት ሰሞን፣ አያ ጅቦ ዋሻው አፍ ላይ ተቀምጦ ሁለት ነገር ያሰላስል ነበር።

አንደኛው የእናቱ ነገር ነው። ዋሻቸው ወንዝ ዳር ስለሆነ ክረምት በገባ ቁጥር ውኃ ይሞላዋል። ሌላ ጊዜ የመጀመሪያው ነጎድጓድ ሲሰማ እናትና ልጅ ወንዙን ተሻግረው ዳገቱ ላይ ወዳለው ደረቅ ዋሻ ይወጡ ነበር። ዘንድሮ ግን የእናቱ ዓይን ጠፍቷል፤ የኋላ እግሮቿም አልታዘዝ ብለዋታል። እዚያ ዳገት ላይ የሚያወጣት ጋሪ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ነገር የሚያሳፍር ስለሆነ ለማንም አልተናገረውም። አያ ጅቦ በመንገድ ሲያልፍ ፍየሎች ከገደሉ ጫፍ ሆነው ይስቁበታል። «አረማመዱን እዩት! የፊቱ ሊሄድ፣ የኋላው ሊቀመጥ!» ይሉታል። ጦጣዎች ደግሞ ልጣጭ ይወረውሩበታል። አንድ ቀን ግን በዚያው መንገድ አንበሳ በጋሪ ሲያልፍ አይቶ ነበር። ቃጭሉ ገና ከሩቅ ሲሰማ መንገደኛው ሁሉ መንገድ ለቀቀ፤ ፍየሎቹ ጸጥ አሉ። ጦጣዎቹ ቅጠል ውስጥ ተሸሸጉ። አያ ጅቦ ራሱ እሾህ ላይ ተጋድሞ ጋሪው እስኪያልፍ ትንፋሹን ዋጠ። ከዚያን ቀን ወዲህ የቃጭሉ ድምፅ ከጆሮው አልወጣም።

በጋውን ሙሉ ያጠራቀመው አንድ ስልቻ አሞሌ ጨው ነበረው። ስልቻውን ተሸክሞ ሲነሣ፣ «ግማሹ ለጋሪ፣ ግማሹ ለክረምት ስንቅ ነው እማዬ» አላት እናቱን።

«ስንቁን አስቀድም» አለች እናቱ። «እኔ አንተን አውቅሃለሁ።»

የጋሪ ገበያው ቅዳሜ ቅዳሜ ከትልቁ ዋርካ ሥር ይቆማል። በገበያው ውስጥ ማንም ማንንም አይበላም፤ ደንብ ነው። ሌላም ደንብ አለ። ጋሪ የሚገዛ ሁሉ ከዋርካው ሥር ያሉትን ሁለት ከባድ ድንጋዮች ጋሪው ላይ ይጭናል፤ መንኮራኩሩን በእርግጫ ይመታል፤ ከዚያም ቦዩን አሻግሮ ይመልሰዋል። ይህን «ማንገጫገጭ» ይሉታል። ሳያንገጫግጭ የገዛ እስከዚያን ቀን ድረስ አልነበረም።

አያ ጅቦ መጀመሪያ ያገኘው ዳለቻውን አህያ ነው። ጋሪ ሠሪ ነው፤ ክረምት ከበጋ ወይራ ሲጠርብ የሚውል። የገበያውን ደንብ ቢያምንም፣ ከልማድ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸና ከዚያ ሆኖ አነጋገረው።

«እንኳን ደህና መጡ አያ ጅቦ። ይኸው ጋሪ፤ መንኮራኩሮቹን የሚይዘው ዘንግ ወይራ ነው። ግማሽ ስልቻ ይበቃኛል። ድንጋዩን ይጫኑና ያንገጫግጩት።»

አያ ጅቦ ጋሪውን ዞሮ አየው። ጠንካራ ነበር። ደግሞም ተራ ነበር። አህያ የሠራው፣ የአህያ ጋሪ! በዚህ ላይ እናቱን አስቀምጦ ሲያልፍ ፍየሎቹ ምን እንደሚሉ ገና ሳይገዛው ተሰማው።

ልክ በዚህ ጊዜ ከወዲያ ማዶ ግርግር ተነሣ። እመት ቀበሮ አንድ አሮጌ ጋሪ አቁማ፣ መቀመጫውን በጨርቅ ሸፍና፣ እንስሳቱን «ራቅ በሉ! ራቅ በሉ! ትንፋሻችሁ ይነካዋል!» ትል ነበር።

አያ ጅቦ ገፍቶ ገባ። «ምንድን ነው እሱ እመት ቀበሮ?»

«ኧረ ዝም ብለው ይለፉ አያ ጅቦ። ይሄ እንደ እኔና እንደ እርስዎ ላለው አይደለም» አለችና ጨርቁን በአንድ ጥፍር ብቻ ገለጥ አደረገችው። ከመቀመጫው ስንጥቅ ውስጥ አንድ ጭብጥ የማይሞላ የወርቅ መልክ ያለው ጎፈር ተሰክቷል። ከጋሪው ጫፍ ያ ቃጭል ተንጠልጥሏል።

ሽታው ሲደርሰው የአያ ጅቦ የጀርባ ጸጉር ቆመ። አልተሳሳተም። የአንበሳ ጋሪ ነው።

«ጌታችን ተቀምጠውበታል?» አለ በሹክሹክታ።

«እዚሁ ላይ! ጎፈራቸው እንደ ተነቀለ አለ። የሚያገሡትም፣ አገር የሚዞሩትም እዚህ ላይ ሆነው ነበር።»

«ስንት ነው?»

«ስልቻውን ሙሉ።»

«ሙሉ? አህያው እኮ ግማሽ ነው ያለኝ!»

«እሱማ ልክ ነው። ግማሹ የጋሪው ዋጋ ነው።»

«የቀረውስ?»

«የተቀመጡበት ጌታ ነዋ!» አለች ቀበሮ፣ እንዲህ ያለ ግልጽ ነገር ለምን እንደተጠየቀች የገረማት መስላ።

ዳለቻው አህያ ከሩቅ ጮኸ። «አያ ጅቦ! ድንጋዩን ይጫኑበትና ያንገጫግጩት እንጂ!»

ቀበሮ ደረቷን ይዛ ወደ ኋላ አለች። «ጉድ በሉ! አንበሳ በተቀመጠበት ላይ ድንጋይ? የአንበሳን መንኮራኩር በእርግጫ? አያ ጅቦ፣ እርስዎ ይደፍሩታል?»

አያ ጅቦ ድንጋዮቹን አየ። ጎፈሩን አየ። እግሩን ሊያነሣ ሞከረና አቃተው። ያን መንኮራኩር መምታት አንበሳውን ራሱን እንደ መምታት ሆኖ ታየው።

«አንተ አህያ፣ አፍህን ዝጋ!» አለና ስልቻውን ለቀበሮ አስረከባት።

በመንገድ ላይ አንድ ያላሰበው ነገር ገጠመው። ጋሪ ጎታች ይፈልጋል፤ ጎታቹ ደግሞ እሱ ራሱ ነው። በሁለቱ እንጨቶች መካከል ገብቶ፣ መቀመጫውን ባዶ አድርጎ፣ ዳገት ቁልቁለቱን ሲጎትት ዋለ። ቃጭሉ ግን ሠራ! መንገደኛው ሁሉ መንገድ ለቀቀ። ፍየሎቹ ጸጥ አሉ። ጦጣዎቹ ተሸሸጉ። የአያ ጅቦ ልብ በደስታ ሊፈነዳ ደረሰ። አንገቱን ቀና አድርጎ ሲያልፍ አንዲት ፍየል ከገደሉ ላይ ለሌላዋ ስታወራ ሰማት።

«አንበሳ አዲስ አሽከር ቀጠሩ እንዴ?»

«ቀጥረዋል መሰለኝ። ምስኪን፣ አጎታተቱን እዪው።» ከዚያም ወደ እሱ ጮክ ብላ፣ «አንተዬ፣ ጌታው የት ቀሩ?»

አያ ጅቦ «ጋሪው የእኔ ነው» ሊል አፉን ከፈተ። ከዚያ መንገዱ እንደገና በሳቅ እንዳይሞላ ፈራ። «ከኋላ ናቸው» አለና አቀርቅሮ ጎተተ።

ዋሻው ሲደርስ ከተራራው ራስ ላይ ሰማዩ ጠቁሯል። እናቱ ነጎድጓዱን ሰምታ እየተሳበች ወጥታ ነበር።

«መጣህ? ስንቁስ?»

«እማዬ፣ የአንበሳን ጋሪ ገዛሁ! አንበሳ ራሱ እዚህ ላይ ተቀምጦ ነበር!»

እናቱ በአፍንጫዋ ጋሪውን እያሸተተች ዞረችው። «እሺ። እሱ ተነሥቷል። አሁን የምቀመጠው እኔ ነኝ። ዘንጉ ምንድን ነው?»

አያ ጅቦ ቃጭሉን አንቃጨለላት።

«አንገጫግጨኸዋል?»

«ነይ፣ ዝናቡ ሳይደርስ ተቀመጪ» አላት። እናቱ ራሷን ነቀነቀች፤ ይህም ከፍየሎቹ ሳቅ የባሰ ነበር። እንድትቀመጥ ሲያግዛት እንኳ እጁ ወደ ጎፈሩ ሄደ፤ «ትንሽ ጠጋ በይ እማዬ፣ እንዳይበላሽ» አላት። ጠጋ አለችለት።

ወንዙ መሻገሪያ ላይ ውኃው ገና ከጉልበት አላለፈም፤ ቀለሙ ግን ቀይ ሆኗል። አያ ጅቦ ፈጠን ፈጠን እያለ ገባ። ቃጭሉን ደግሞ ሆን ብሎ አንቃጨለው። እንስሳት ሲሰሙት መንገድ ይለቁ የለ? ወንዙ ግን መንገድ አልለቀቀም። መሐል ላይ ሲደርሱ መንኮራኩሩ አንድ ድንጋይ ገጨና ዘንጉ ቀጭ አለ። ነቀዝ ውስጡን በልቶ ዱቄት አድርጎት ኖሯል። ጋሪው ወደ ጎን ተገለበጠ። እናቱ በአንድ በኩል፣ መቀመጫው ከነጎፈሩ በሌላ በኩል ውኃ ውስጥ ወደቁ።

የአያ ጅቦ ዓይን መጀመሪያ የሄደው ወደ ጎፈሩ ነው። ይህን በኋላ ለብዙ ጊዜ አልረሳውም። አንዲት ትንፋሽ ያህል ብቻ ነበር። ከዚያ እናቱ «ልጄ!» ስትል ሰማና ተወርውሮ ማጅራቷን በጥርሱ ያዘ። ጎፈሩ በቀዩ ውኃ ላይ እየተሽከረከረ ሲወርድ አላየውም።

ማዶ ደርሰው ሲያስሉና ሲንቀጠቀጡ ከፊታቸው ሁለት ሰፊ መዳፎች ቆሙ። አያ ጅቦ ቀና ሲል አንበሳ ነው። ብቻውን፣ በእግሩ። በዙሪያው ያለው ቁጥቋጦ ሁሉ ጸጥ ብሏል። ቃጭል የለም።

አንበሳው ውኃው የሚያላጋውን ስብርባሪ ተመለከተ። «ያቺን ጋሪ አውቃታለሁ» አለ። «ወገቤን ስታንገላታኝ ጥያት ሄድኩ። ማን ነው ያነሣት?»

«እኔ… ገዝቻት ነው ጌታዬ። እንስሳቱ መንገድ ይለቁልኝ ነበር…»

አንበሳው አልሳቀም። «እኔም አንድ ሰሞን ለጋሪዋ የሚለቁ መስሎኝ ነበር» አለ። «ከጣልኳት በኋላ እንዳይለቁልኝ ፈርቼ ነበር፤ በእግሬ ስሄድ ግን ያው ለቀቁልኝ።» ይህን ብሎ መንገዱን ቀጠለ።

ጥቂት ቆይቶ ዳለቻው አህያ ያልተሸጠለትን ጋሪ እየጎተተ ከላይኛው መሻገሪያ ብቅ አለ። እዚህ ገበያው ውስጥ አይደለም፤ ደንቡም የለም። ሊሸሽ ዞረ። ከዚያ በጭቃ የተነከረችውን አሮጊት አየና ቆመ።

«አያ ጅቦ! ጋሪውን ትቼልዎት ልሂድ። አንድ ነገር ግን አለ። በዚህ ክረምት ከሣር ሜዳው ወዲህ እንዳይመጡብን።»

አያ ጅቦ ስንቅ እንደሌለው ትዝ አለው። ሜዳው ላይ ያሉትን ወፍራም አህዮችም አስታወሰ። ምራቁን ዋጠ። «አልመጣም» አለ።

«እሺ። በሉ መጀመሪያ ድንጋይ ይጫኑበትና ያንገጫግጩት።»

«በዚህ ዝናብ?»

«በዚህ ዝናብ!» አለ አህያው ከሩቅ።

አያ ጅቦ ሁለት ድንጋይ አንሥቶ ጫነ፤ መንኮራኩሩንም በእርግጫ መታው። ጋሪው ንቅንቅ አላለም። እናቱን አስቀምጦ ዳገቱን ሲወጣ ፍየሎች ከላይ ሆነው ሳቁበት። እሱ ግን ዘንጉን እያዳመጠ ስለነበር የሚሉትን አልሰማም።

«ይሄኛው የማን ነው?» አለች እናቱ።

«የአህያ።»

«ጥሩ ነው። አያንገላታም።»

ያ ክረምት ለእናትና ለልጅ የረሃብ ክረምት ሆነ። አያ ጅቦ አሮጌ ቆዳ እያኘከ ሣር ሜዳውን ከሩቅ ከማየት ሌላ ምንም አላደረገም። በመስከረም ገበያ ሲቆም ጋሪውን ለአህያው ሊመልስ ከሲታ ሆኖ መጣ። ከዋርካው ሥር እመት ቀበሮ ከዚያ ስብርባሪ ወንዙ የተፋውን አንድ መንኮራኩር በጨርቅ ሸፍና ቆማለች። «ራቅ በሉ! አንበሳ የተቀመጡበት ጋሪ ነው!» ትላለች። እንስሳቱ እርስ በርስ እየተገፋፉ ነበር።

አያ ጅቦ ከዳር ሆኖ፣ «አንገጫግጩት እንጂ!» ብሎ ጮኸ።

«አንተ ጅብ፣ አፍህን ዝጋ!» አሉት በአንድ ድምፅ።

አያ ጅቦ ወደ ዳለቻው አህያ ዞረ። አህያው ሦስት እርምጃ ርቆ ቆሞ ያየው ነበር፤ ከዚያ አንዱን እርምጃ ቀረብ አለ።

ከዚህ የምንማረው፣ ታላቅ ሰው ከመቀመጫው ሲነሣ ታላቅነቱን ይዞት ስለሚሄድና ለገዢው የሚቀረው እንጨቱ ብቻ ስለሆነ፣ ስሙን ሰምተን ከመክፈላችን በፊት እንጨቱን መፈተሽ እንዳለብን ነው።