ደጅ የወጡት ሁለት ጉልቻዎች

በቁልቋል በር መንደር ጎጆ የሚወጣ ሙሽራ ሦስተኛውን ጉልቻ ከወንዝ በገዛ ትከሻው ተሸክሞ ያመጣል። ጉልቻ ድስት የሚጣድበት ድንጋይ መሆኑን የማያውቅ የለም፤ ትዳርም በዚያው ስም ሲጠራ ኖሯልና «ጉልቻሽ እንዴት ነው?» ከተባልሽ የተጠየቅሽው ስለ ባልሽ ነው እንጂ ስለ ምድጃሽ አይደለም። ወንዱ ድንጋይ የሚሸከምበትን ምክንያት ግን አሮጊቶቹ እንዲህ ይተርኩታል።

በድሮ ዘመን ጥሩዘር የምትባል ልጅ ደርሶልኝ ለሚባል ጎረምሳ ተዳረች ይባላል። ጎጆ ሲወጡ የእሷ እናት እመት ዘርትሁን ሦስት ጉልቻ፣ የእሱ እናት እመት ብርቄም ሦስት ጉልቻ አሸክመው መጡና «የልጄ ድስት በሰው ድንጋይ ላይ አይጣድም» ተባባሉ። ነገሩ ከርሮ እመት ብርቄ «እንግዲያው ልጄን ይዤ እሄዳለሁ» እስከ ማለት ስለደረሱ ሽማግሌ ተጠራ። ሽማግሌዎቹም፣ ምድጃ አጠገብ የሚደርሱት ሲበርዳቸው ብቻ ነውና፣ ጢማቸውን እየዳበሱ ሲመክሩ ውለው «ከየወገኑ ሁለት ሁለት ይሁን» ብለው ፈረዱ፤ መርቀውም ተነሡ።

አራት ድንጋይ ላይ የተጣደ ድስት ምን እንደሚሆን ሴት ሁሉ ታውቃለች፤ አንዱ ሲደላደል አንዱ ይነሣል። የቅልቅሉ ዕለት ድስቱ ተንገዳገደና የዶሮው ወጥ ከነእንቁላሉ ሽማግሌዎቹ እግር ሥር ተደፋ።

«ያንቺ ድንጋይ ነው ያነቃነቀው!» አሉ እመት ዘርትሁን።

«የኔ ድንጋይ እንዳንቺ ምላስ አይወላውልም!» አሉ እመት ብርቄ፤ ይህን ብለው ልጃቸውን ሊወስዱ እጁን ያዙ።

ጥሩዘር ከአንዷ ወገን ብቻ ብታነሣ ትዳሯ ማክተሙ ነው። ስለዚህ ከእናቷ አንድ፣ ከአማቷ አንድ አንሥታ ደጅ አወጣችና ባሏን «ና፣ የራሳችንን እናምጣ» አለችው። እጁን ከእናቱ አስለቅቆ ተከተላት። ከወንዝ ሲመለሱ አንድ ጥቁር ድንጋይ በእሱ ትከሻ ላይ ነበር።

«ኧረ ጉድ! ወንድ ልጅ ጉልቻ ይሸከማል?» ብለው ጮኹ እናቱ።

«ወጡንስ ማን ሊበላው ነው፣ እማዬ?» አለ ይባላል።

ዶሮው ስላለቀ ሽሮ ተጣደ፤ ድስቱም ንቅንቅ አላለም። ሁለቱ እናቶች ከጩኸቱ ብዛት ደክሟቸው ኖሮ ደጅ በወጡት ድንጋዮች ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ፣ የቀረበላቸውንም እዚያው በሉ።

ሌላው አገር «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ሲል ቁልቋል በሮች «ሲበዛ ደግሞ ይደፋል» ብለው ይጨምሩበታል። ዛሬም በየአዲሱ ጎጆ ደጅ ሁለት ድንጋዮች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። አማቶች ሊጠይቁ ሲመጡ «ግቡ» እስኪባሉ እዚያ ላይ አረፍ ይላሉ፤ የወጡ ሽታ ይደርሳቸዋል፣ እጃቸው ግን ድስቱ ዘንድ አይደርስም።