ቀርከሃ ያልነካው እግር

አንድ ሰው ነበረ። አጥንቱ ተሰብሮ አያውቅም።

ደርበው፣ ቁጭ በል እንጂ፤ እንደ ምሰሶ አትገተርብኝ። ጥያቄህን ሰምቻለሁ። «እማሆይ፣ እኔ ሰው አስቸግሬ አላውቅም። አናጢ ነኝ፤ ቤቴን ብቻዬን ሠራሁ፣ ማገሩንም ብቻዬን መታሁ፣ የማንንም ደጅ ጠንቼ አላውቅም። ታዲያ የሰው እግር ደጄን የማይረግጠው ለምንድን ነው? ሰው ክፉ ሆኖ ነው?» ነው ያልከኝ። እሑድ የልጅህ ክርስትና ነው፤ ሰማንያ ቀኗ ይሞላል። ጠላው ተጠምቆ፣ ዳቦው ተደፍቶ፣ የሚበላው ሰው እንዳይጠፋ ፈርተሃል። መፍራትህ ደግ ነው። እኔ ግን መልሴን በሰውዬው በኩል አዙሬ ነው የምነግርህ፤ ቀጥታ መናገር ድሮም አይሆንልኝ።

ሰውዬው ገበሬ ነው። አገሩ ደግሞ ገደል ነው፤ ዶሮ እንኳ ጥሬ ለመልቀም አቀበት የምትወጣበት አገር። በዚያ አገር ያልተሰበረ ሰው የለም። አንዱ ከአህያ፣ አንዱ ከአውድማ፣ አንዱ በጥምቀት ሲጨፍር ከእርከን ላይ ይወድቃል። ዓመት የሚቆጠረውም በስብራት ነበር፤ «እሱ የተወለደው እኔ ክንዴን በተሰበርኩ ዓመት ነው» ይባባላሉ።

ይህ ሰው ብቻ ደህና። ከሾላ ዛፍ ላይ ወድቋል፤ ተነሥቶ የረገፈውን ሾላ ለቅሞ በላ። በቅሎ ረግጣዋለች፤ ሳምንት ሙሉ ያነከሰችው በቅሎዋ ናት። አንድ ክረምት ከበሬው ጋር ተያይዘው ገደል ገቡ። በሬው ነፍሱ ሳትወጣ ደረሱበትና ታረደ፤ ሥጋውን ለመንደሩ ያከፋፈለው ማን መሰለህ? እሱ ራሱ!

እንግዲህ ተመስገን ብሎ ዝም ቢል ምን ነበረበት! የለም። ሠርግ ቢሆን፣ ማኅበር ቢሆን፣ ልቅሶም ቢሆን፣ ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ ሱሪውን ወደ ላይ ይሰበስብና ቅልጥሙን በዱላው ይመታል። ቋ! ቋ! «ስሙ! አለት ነው እኮ!» ይላል። ስሙም አለት ሆኖ ቀረ። የተሰበሩትን ደግሞ «ገንቦዎች» ይላቸዋል። እግሩን ሁለቴ የተሰበረ አንድ ሸማኔ ጎረቤት ነበረው፤ ያነክሳል። አለት ጠዋት ጠዋት በአጥሩ ላይ ብቅ ይልና «አንተ ገንቦ፣ እንዴት አደርክ? ስንጥቅህ ገጠመልህ?» ይለዋል። ይህ እንግዲህ ሰላምታ መስጠቱ ነው። ሲሄድም አንገቱን ቀና አድርጎ ነው፤ ለቄስም ለሽማግሌም ዝቅ አይልም። «የሚያጎነብስ ሰባራ ነው፤ እኔ ምን ሆኜ!» ይላል።

ሰው አልጠላውም፤ ይስቅለት ነበር። ግን ቤቱ የሚገባ አልነበረም። ገብቶስ ምን ያደርግለታል?

ከመንደሩ ማዶ፣ ጉብታው ላይ፣ አንዲት ወጌሻ ነበረች። ጣቷ ዓይን አለው ይባልላታል። በቆዳ ላይ ዳስሳ አጥንቱ ወዴት እንደሄደ ታውቃለች። ታሻለች፣ ታቃናለች፣ በቀርከሃ ስንጣሪ ደግፋ በጨርቅ ታስራለች። ዋጋ አትቀበልም። ሥርዓቷ አንድ ብቻ ነው፤ ያሰረችው ሰው ሁሉ በየዓመቱ ጥር ላይ፣ በቆረጠችው ቀን መጥቶ ጣሪያዋን ይከድንላታል፣ እንጨቷን ይፈልጥላታል። ከዚያ ሁሉም የቋጠረውን ይዞ ገብቶ አብሮ ይበላል። የቀርከሃ ቀን ይሉታል። ቀርከሃ ያልነካው ሰው በዚያ ቀን በበሯ አያልፍም። ደጃፉ ላይ ቆማ «የትህ ላይ ነበር ያሰርኩህ?» እያለች እየዳሰሰች ነው የምታስገባው፤ ማታለል የለም።

አቤት የዚያ ቀን ጨዋታ! እያንዳንዱ እንዴት እንደወደቀ ያወራል። የወደቀበት ገደል በየዓመቱ ይረዝማል፤ ማንም አይቆጣጠረውም። ሳቁ ማዶ ድረስ ይሰማል።

በመጀመሪያው ዓመት አለት «የገንቦ ገበያ ዋለ!» ብሎ ሳቀባቸው። በሁለተኛው ዓመት ሚስቱ እጇን ተሰበረችና ታሰረች። ጥር ሲደርስ ነጠላዋን ተከናንባ፣ ዳቦዋን ይዛ ውልቅ።

«እኔስ?» አላት።

«አንተማ አለት ነህ። ቤት ጠብቅ።»

በሦስተኛው ዓመት የቤቱ ውሻ እግሩን በድንጋይ ተመታና ወጌሻዋ አዝናለት አሰረችው። ጥር ሲደርስ ውሻውም ጭራውን እየቆላ የአለትን ሚስት ተከትሎ ሄደ። መንደሩ ውስጥ የቀሩት አለትና ዶሮዎች ናቸው። ሳቅ፣ ሳቅ፣ ማን ከለከለህ! ሰውዬው ግን የዚያን ቀን እንባው ሊመጣ ምንም አልቀረው። ትናንት የተሠራውን ሽሮ በቀዝቃዛው ሁለት ጉርሻ ጎረሰና ተወው። ከዚያ «በሬ ጠፍቶብኝ» ብሎ ወደ ጉብታው ወጣ። አልሸሹም ዞር አሉ! በሬዎቹ እቤት ታስረው ገለባ ያመነዥካሉ። እሱ የወጌሻዋ አጥር ሥር ተቀምጦ ጆሮውን ጣለ።

ያን ቀን ነገሩ ገባው። አንዱ «እገሌ በጀርባው አዝሎ ወንዙን አሻገረኝ» ይላል። አንዷ «እነ እገሊት አርባ ቀን ውኃዬን ቀዱልኝ» ትላለች። ሸማኔው «ጤፌን መንደሩ አጨደልኝ፣ ደግሞ ከእኔ አጨዳ ይሻል ነበር» ይላል፤ ይሳቃል። አለት ገብቶ ቢቀመጥ እንኳ የሚያወራው እንደሌለው አሰበ። ማንም አንሥቶት አያውቅማ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚመኘው፤ በዚያ በር መግባት።

አራተኛው ዓመት መጣ። አለት ቀኑ ሲቃረብ ለመሰበር ቆርጦ ተነሣ። ከጎተራው ላይ ዘለለ፤ ጭድ ላይ አረፈ። ጭዱን አንሥቶ እንደገና ዘለለ፤ ቁርጭምጭሚቱ እንኳ አልተጠመዘዘም፤ አንዲት ዶሮ ነች የሞተችው። እዩኝ እዩኝ ያለች ደብቁኝ ደብቁኝ ታመጣለች ይሏል ይኼ ነው። ያን ያህል የፎከረበት አጥንት እንቢ አለው።

ሲቸግረው በቀርከሃ ቀን ጠዋት፣ ሰው ሁሉ ዳገቱን ሲወጣ፣ መንገዱ ላይ ተጋደመና «ወይኔ እግሬን! ተሰበርኩ!» ብሎ ጮኸ።

ሰዉ ክው አለ። አለት ተሰበረ! አሁን ይሳቅበታል አላልክም? እኔም ብሆን እስቅበት ነበር፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። ማንም አልሳቀም። ሁሉም የያዘውን መሬት ላይ ጣለ። ሸማኔው ጋቢውን አውልቆ ጠቀለለና ከእግሩ ሥር ሸጎጠለት። ሽመልና ጋቢ አሥረው ቃሬዛ ሠሩ። የፊቱን ጫፍ ማን ያዘ? ያው ሸማኔው ነው። ሲያነክስ ቃሬዛው ያዘነብላል፣ አለት ወዲያ ወዲህ ይላል፣ ሚስቱ ላቡን ትጠርጋለች። «አይዞህ!» ይሉታል። «አይዞህ፣ ደረስን! አይዞህ፣ ትድናለህ!»

አለት ይህን ቃል በዕድሜው ለራሱ ሲባል ሰምቶት አያውቅም። አይዞህ! የውሸት ጩኸቱ አፉ ውስጥ ቀረና የእውነት ለቅሶ መጣበት። አፈረ፤ ደስም አለው፤ ሁለቱ ባንድ ላይ ሆኑበትና እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። ተሸካሚዎቹ «አይ፣ ስብራቱ ክፉ ነው» ብለው ፈጠኑ።

ወጌሻዋ እሱን ካስገባች በኋላ ሁሉንም ወደ ውጭ አባረረችና በሩን ገርበብ አደረገች። ከጉልበቱ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ዳሰሰች። ደግማ ዳሰሰች። ከዚያ ፊቱን አየችው። አለት አወቀ። አሁን ወጥታ «ውሸት ነው» ብትል አለቀለት፤ ከበሩ መባረሩ ብቻ አይደለም፣ በዚያች በምትሳለቅ አገር የልጅ ልጁ ድረስ መቀለጃ ይሆናል። ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም። ያ የማይጎነብስ አንገት ደረቱ ላይ ወደቀ።

«እናቴ» አላት፣ «እግሬ ደህና ነው። ዋሽቻለሁ። ከእናንተ ጋር መግባት ፈልጌ ነው።»

ወጌሻዋ እጇን አነሣች። ማጅራቱን ዳሰሰች። ከዚያ ከት ብላ ስቃ ወደ ውጭ ተጣራች፦

«እናንተ ሰዎች! እግሩ ደህና ነው! የሰበረው አንገቱን ነው!»

ኧረ ጉድ በል! እሷ ማጎንበሱን፣ ዝቅ ማለቱን መናገሯ ነው። ውጭ ያለው ሰው ግን አንገቱን ሰበረ ሲባል ሞተ ብሎ ሰማ። ሚስቱ ኡኡታዋን አቀለጠችው። አንዱ ቄስ ሊጠራ ቁልቁል በረረ። ሸማኔው «ወይኔ፣ ቃሬዛውን አዘንብዬ የገደልኩት እኔ ነኝ!» ብሎ ደረቱን ይደቃል። አለት ከውስጥ «ኧረ አልሞትኩም! አለሁ!» እያለ ይጮሃል፤ በዚያ ሁሉ ለቅሶ መሀል ማን ይሰማዋል? ሲጨንቀው ብድግ ብሎ በሁለት ደህና እግሩ ሮጦ ወጣ።

ለቅሶው ጸጥ አለ። አለት መሀላቸው ቆመ። መሬት መሬት እያየ «ይቅር በሉኝ» አለ። «እግሬ ደህና ሆኖ አሸከምኳችሁ። ገንቦ እያልኩም ስሰድባችሁ ኖሬያለሁ። አንገቴን ሰብሬ ነው የምለምናችሁ፤ አስገቡኝ።»

ያኔ ነው የወጌሻዋ ነገር የበራላቸው። ሚስቱ እንባዋን ሳትጠርግ ሳቀች። ሸማኔው በሚያነክስ እግሩ ዘለለ፤ እየሳቀ መሬት ላይ ተንከባለለ። ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው እያለከለኩ ሲደርሱ ሬሳው ሆዱን ይዞ ይስቃል።

መቼም በአገሩ ሥርዓት የሚያጠብቅ ሰው አይጠፋም፤ አንዱ «ሁሉም መልካም፤ ግን አጥንቱ ካልተሰበረ እንዴት ይገባል?» አለ። ወጌሻዋ የቀርከሃ ስንጣሪ አምጥታ በአለት ደህና ቅልጥም ላይ ጥብቅ አድርጋ አሰረችው። «ሌላውን የማስረው የተሰበረው እንዲቀና ነው» አለችው። «አንተን የማስርህ ግን የተሰበረው አንገትህ ተመልሶ እንዳይቀና ነው።» ገባ። በላ። ተራው ሲደርስ «ዛሬ ጠዋት ይህ ሸማኔ ተሸከመኝ» ብሎ ጀመረ። አራት ጊዜ አወራው፤ በአራተኛው ላይ ዳገቱ በእጥፍ ረዝሞ ነበር።

ደርበው፣ አየህ፣ ያ ሰውዬ አንተ ነህ።

አትቆጣ። ክፉ ነህ አላልኩህም፤ ሰዉም ክፉ አይደለም። ሰው ሲቸገር ትደርሳለህ፤ ለጎረቤታችን ለአልማዝ በሯን ያቆምክላት፣ ለእኔም ይህቺን በርጩማ የሠራህልኝ አንተ ነህ፤ እግዚአብሔር ይስጥህ። ግን ሰጥተህ ወዲያው ትሄዳለህ። «ውኃ ልስጥህ» ስልህ «አልጠማኝም» ነው የምትለው፤ ላብህ እየተንጠባጠበ! «ሰው አስቸግሬ አላውቅም» ስትል እኔ የምሰማው ቅልጥምህን በዱላ ስትመታ ነው። ጎረቤቶችህ አንተ ዘንድ የሚመጡበት ምክንያት አጡ። የሚይዙልህ ጫፍ የለማ። ሰው የሚወደውን ሰው የሚያውቀው አንድ ቀን ተሸክሞት ነው። አንተ ግን ሰው እንዳይሸከምህ ዕድሜህን ሙሉ ተጠነቀቅክ፤ እና አሁን እንደዚያ ገበሬ አጥር ሥር ተቀምጠህ የሰው ሳቅ ትሰማለህ። ያሳዝነኛል፤ ልጄ ነህና።

አይዞህ። ገና አራት ቀን አለህ። አሁን ተነሥና በቀጥታ ጎረቤትህ እትዬ አስካለ ቤት ሂድ። በሩን አንኳኳና «ለልጄ ክርስትና ወንፊት አውሺኝ» በላት።

«ወንፊትማ አለኝ እኮ፣ እማሆይ። ሁለት አለኝ።»

እንዳለህማ አውቃለሁ። ተዋስ አልኩህ!