የጋሽ ዘውገ ነጭ ካልሲ

አንድ ቀን፣ ክረምቱ ሲገባ፣ ደብረ ብርሃን ውስጥ ደምስ የሚባል ልብስ ሰፊ ከተከራየበት ቤት ሊወጣ ዕቃውን ግቢው መሐል ደረደረ። ጋሪው ከበር ውጭ ቆሞ ይጠብቀዋል፤ ሰማዩ ጠቁሯል። ደምስ ዓይኑን ከፍራሹ ላይ መንቀል አቃተው። ያለው ፍራሽ እሱ ብቻ ነው፤ የጥጥ ፍራሽ ደግሞ አንዴ ከራሰ ክረምቱን ሙሉ አይደርቅም።

አከራዩ ጋሽ ዘውገ ግን የግቢውን በር ቆልፈው ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱ።

«ቤቴ ሳይጸዳ ንቅንቅ የለም!»

«ኧረ ጋሼ፣ ከጠዋት ጀምሮ ሳጥብ ነው የዋልኩት።»

«እሱን ካልሲዬ ይናገራል!»

ጫማቸውን አውልቀው በነጭ ካልሲ ከሳሎን እስከ ጓዳ ተንጎራደዱ። እግራቸውን አንስተው ቢያዩት ነጭ ነው። አልጋው የነበረበት ጥግ ገብተው ወለሉን በእግራቸው ፈተጉት፤ አሁንም ነጭ! ይሄኔ ተናደዱ። ወንበር ላይ ወጥተው ኮርኒሱን ሲዳብሱ፣ ተመስገን፣ አንዲት የሸረሪት ድር አገኙ።

«ይኸው! ቤቴን በረት አድርገኸው ልትሄድ ኖሯል! እንደገና እጠብ!»

ደምስ አንገቱን ደፍቶ መጥረጊያውን አነሳ። ውጭ ካፊያው ጀመረ።

ወዲያው በሩ ተንኳኳ። ደላላው ቤት የምትፈልግ ወይዘሮ ይዞ መጥቷል። ጋሽ ዘውገ ጫማቸውን ተረከዙን ረግጠው ሄዱና እንግዶቹን አስገብተው መልሰው ቆለፉ። ቤቱ ደጃፍ ሲደርሱ እንደገና ጫማቸውን አወለቁ።

«ይግቡ ይግቡ! ቤት አይደለም፣ መስታወት ነው! እስቲ ካልሲዬን ይዩልኝ!» አሉና ወለሉ ላይ ወዲያ ወዲህ ብለው እግራቸውን አነሱላት። ነጭ!

ደምስ መጥረጊያውን እንደያዘ ቀስ ብሎ ጠየቀ።

«ጋሼ፣ ሁለት ቤት ነው እንዴ ያለዎት?»

«ምን ማለትህ ነው? ይኸው አንዱ ነዋ!»

«እንግዲያው ይወስኑልኝ። በረት ከሆነ እኔ ልጠበው፣ እሳቸውም አጥቤ እስክጨርስ ቁጭ ብለው ይጠብቁኝ። መስታወት ከሆነ ግን በሩን ይክፈቱልኝ፤ ፍራሼን ዝናብ መታው።»

ወይዘሮዋ አንዴ ደምስን፣ አንዴ ጋሽ ዘውገን አየች። ጋሽ ዘውገ ቁልፉን አውጥተው የግቢውን በር ከፈቱ። ከዚያም የፍራሹን አንድ ጫፍ አንስተው፣ በነጭ ካልሲያቸው ጭቃውን እየረገጡ እስከ ጋሪው ድረስ ሸኙት።