የግራሩ አጥር

አንድ ጊዜ፣ ሐምሌ ገና ሳይጋመስ ሰማዩ በጠቆረበት ዓመት፣ አንዲት አህያ ወንዝ ዳር ቆማ ውሃውን አሸተተች። ውሃው አፈር አፈር አላት። ደራሽ ጎርፍ ሊመጣ ነው። ሆዷ ሥር ሁለት ሳምንት ያልሞላው ውርንጭላዋ በቀጫጭን እግሮቹ ይንገዳገዳል። ይህን ይዛ ወዴት ትሂድ? መሸሻው ከበላያቸው ያለው ኮረብታ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ታጥሯል።

የአጥሩ ነገር የቆየ ነው። ዛሬ ኮረብታውን በሚገዛው በአያ አንበሶ አባት ዘመን አንበሳና ነብር ሲዋጉ አህዮች የነብርን ስንቅ ተሸከሙ። መቼም አህያ ጫኑኝ ብላ አታውቅም፤ ግን ማን ጠይቋት? አንበሳ ሲያሸንፍ «ከሃዲ» ብሎ ከኮረብታው አውርዶ ወንዝ ዳር አሰፈራቸው፤ በመካከሉም የግራር እሾህ አጠረ። አንበሳውም ሞተ፣ ነብሩም ሞተ፣ የተጫኑትም ሞቱ። አጥሩ ግን በየዓመቱ ይታደሳል፤ ለማደሻውም የኮረብታው ግራር ሲቆረጥ ኖሮ፣ ዘንድሮ ኮረብታው መላጣውን ቀርቷል።

አህያዋ መንጋውን አስከትላ የአጥሩን በር ወደሚጠብቀው ጅብ ወጣች።

«አያ ጅቦ፣ ጎርፍ እየመጣ ነው፤ አሳልፈን።»

«ፈቃድ ይዘሻል?»

«ጎርፉ ፈቃድ እስኪመጣ ይጠብቃል?»

«እሱን እኔ አላውቅም» አለ ጅቡ ከንፈሩን እየላሰ። በጎርፍ የሰመጠ አህያ በሐሳቡ መብላት ጀምሯል። የራሱ ጉድጓድ ከአህዮቹ ሰፈር በታች መሆኑ ትዝ አላለውም።

የአንበሳ አማካሪ የሆነችው ቀበሮ ድምፅ ሰምታ ብቅ አለች። «ጌታችን ችሎት የሚቀመጡት ሐሙስ ነው። እስከዚያ አያቶችሽ የነብርን ስንቅ እንዳልተሸከሙ የሚመሰክር ፈልጊ።»

«የሚያውቁት ሁሉ ሞተዋል፣ እመቤቴ።»

«እንግዲያው ደጅ ጥኚ።»

የአህያዋ እህት ጆሮዋን አቆመች። «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም፤ ደጅ ጥናትም ከጎርፍ አያስጥለንም። እሾሁን እንስበረው።»

«ተይ እህቴ፣ ደግሞ ከሃዲ እንባላለን። በሥርዓት እንጠይቅ» አለች አህያዋ። ክፉ አልነበረችም፤ ፈርታ ነው። ሁለት ቀን በዝናብ በሩ ላይ ቆሙ። እሷ አሁንም አሁንም ወንዙን ታያለች፤ ውርንጭላዋ ይንቀጠቀጣል።

ረቡዕ ረፋድ ላይ ምድር አጉረመረመ። ውሃው ከወንዙ ብቻ አልመጣም፤ የሚይዘው ሥር ያጣ የኮረብታው አፈርም በጎን በጎን እየተናደ ወረደ። ጅቡ ጉድጓዱ አሁን ትዝ ብሎት በሩን እንደዘጋ ቁልቁል ሮጠ፤ ከዚያ ወዲህ ያየው የለም። እህቲቱ ማንንም አልጠየቀችም። በደረቷ እሾሁ ላይ ወደቀችበትና «በላዬ እለፉ» አለች። አህያዋ ውርንጭላዋን በአፍንጫዋ እየገፋች በእህቷ ጀርባ ላይ ተሻገረች። ከመንጋው እኩሌታው አለፈ። የቀሩትን፣ እህቷንም ጭምር፣ ጎርፉ ከነአጥሩ ወሰዳቸው።

ሐሙስ ችሎት ተቀመጠ። «የሰማይ ቁጣ ነው፤ ማን ይከሰሳል?» አለች ቀበሮ አንገቷን ደፍታ።

«ዝናቡንስ ሰማይ አዘነበው» አለች አህያዋ። «አጥሩን ማን አጠረው? ግራሩንስ ማን ቆረጠው? በሩ ላይ ያቆምኋቸው ግን እኔ ነኝ፤ የእህቴን ደም ከራሴ ላይ አላወርድም።»

አያ አንበሶ የፈረሰውን ቦታ አይቶ፣ «አጥሩ ይታደስ» አለ።

«ግራር አልቋል ጌታዬ» አለች ቀበሮ።

«ከማዶው ኮረብታ ይቆረጣ።»

አህያዋ ማዶ የቀሩትን ጥቂት ግራሮች አየች፤ ቀና ብላ ሰማዩን አየች። ነሐሴ ገና አልገባም። ከዚያ ውርንጭላዋን ይዛ አጥሩ ከነበረበት ቦታ ላይ ሄዳ ቆመች፤ መንጋውም ተከትሏት ቆመ። በዚህ ጊዜ ፈቃድ የጠየቀ አልነበረም።

ከዚህ የምንማረው፣ ዝናብ ከሰማይ ቢወርድም ማን ሰምጦ ማን እንደሚተርፍ የሚወስነው ቀደም ብሎ በምድር ላይ የታጠረው አጥር መሆኑንና፣ አጥር መፍረስ ያለበትም ውሃው ሳይደርስ መሆኑን ነው።