የአሻጋሪው ልጅ

«አንድ ወንዝ አሻጋሪ ነበረ» አሉ የአንጓች የነፍስ አባት። ወደ እሳቸው የመጣችው ጥያቄ ይዛ ነው። የጤና ጥናት የሚያጠኑ ሰዎች መንደሯ ገብተው፣ የአሥራ አምስት ዓመት ልጇን ስለ ሰውነቷና ስለ ወንድና ሴት ነገር ልንጠይቃት ፍቀጂልን ብለዋታል። ብፈቅድ ያልነቃችውን ልጅ ማንቃት አይሆንብኝም ወይ? ነው የምትለው። አባ ደግሞ በቀጥታ መመለስ አይወዱም፤ እንዲህ ሲሉ ቀጠሉ።

አሻጋሪው ቤቱም እንጀራውም ከወንዙ ዳር ነው። ገበያተኛውን ከነአህያው፣ ሙሽራዋን ከነሚዜዎቿ ያሻግራል። ውሃው የሚጮኸው ድንጋይ እየገጨ ሲወርድ ነው፤ እዚያ ከጉልበት አያልፍም። ዝም ብሎ የተኛበት ግን ሰው ይውጣል። ይህን ለመንገደኛ ሁሉ ሳይሰስት ይናገራል።

በቤቱ ግን የወንዝ ነገር አይነሳም። አንዲት ልጅ አለችው። «አባዬ፣ ውሃው እዚያ ጋ ለምን ይጮኻል?» ስትለው፣ «ዝም በይ! አንቺን ወንዝ ምን አገባሽ?» ይላታል። ሚስቱ ኧረ ንገራት ብትለው፣ «የማያውቁት አገር አይናፍቅም» ብሎ ይዘጋታል። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ስለሚሳሳላት ነው። ግን የትኛው ወንዝ ነው ስሙን ስላልጠሩት ከደጃፍ የሚሄደው?

አንድ ቀን ጩኸት ሰምቶ ሮጠ። ልጁ ዝም ባለው ውሃ መካከል ብቅ ጥልቅ ትላለች። ዘሎ ገብቶ በጸጉሯ ጎትቶ አወጣት። የጠጣችውን ውሃ ስታስመልስ ጠበቀና አርጩሜ ቆረጠ። ሊመታት እጁን ሲያነሳ ግን አንድ ነገር ከነከነው። ያን የመሰለ ከጉልበት የማያልፍ መሻገሪያ ትታ እንዴት እዚህ ገባች? አርጩሜውን ጥሎ አጠገቧ ቁጭ አለ።

«በዚህ በኩል ግቢ ያለሽ ማን ነው?»

«ልጆቹ ሁሉ ያውቁታል። የሚጮኸው ውሃ ተቆጥቷል፣ ዝም ያለው ታርቋል ይላሉ» አለችው እየተንቀጠቀጠች። «አንተን ስጠይቅህማ ትቆጣለህ።»

በማግስቱ አሻጋሪው የመንደሩን ልጆች ስለ ወንዙ የሰሙትን ለየብቻ ጠየቃቸው፤ አልሳቀባቸውም፣ አልተቆጣም፣ ያሉትን ለወላጅ አላቀበለም። አንዱ ደፋር አይሰምጥም አለው። ሌላዋ ለመጀመሪያ ጊዜ የገባን ሰው ወንዝ አይወስድም አለችው። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኸው ነው፤ ከሩቅ የመጣ ነጋዴ የሚያውቀውን የአሻጋሪው ልጅ አታውቅም።

ከዚያ ወዲያ ልጆቹን ሰብስቦ ወንዝ አወረዳቸው። ረጅም ዘንግ አስይዞ ጥልቁን ከዳር ሆነው በገዛ እጃቸው አስለካቸው። ዘንጉ ተውጦ ሲያዩ፣ «እኔስ እስካድግ አልገባበትም» ያሉት ብዙ ናቸው። የገቡትም በመሻገሪያው ገቡ።

አባ ይህን ብለው ወደ አንጓች ዞሩ። «ወንዙ የልጅሽ ዕድሜ ነው፤ ደጃፍሽ ደርሷል። ያለጊዜው እርግዝናም፣ በሽታም፣ አታላይ ጎረምሳም አለበት። እነዚያ ሰዎች አሻጋሪው ያደረገውን ነው የሚያደርጉት፤ ልጆቹ ምን እንደሰሙ ያጠናሉ። ራሷ ልጅቷ ከፈቀደች ትጠየቅ። ግን እነሱ ጠይቀው ይሄዳሉ፤ ወንዙ ዳር አብረሻት የምትቀሪው አንቺ ነሽ።»

አንጓች ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አደረገች። «እሺ አባቴ። ግን በምን አፌ ልጀምርላት? አፍራለሁ።»

«አንቺ አትጀምሪ» አሏት። «የሰማችውን እንድትነግርሽ ጠይቂያት። ብቻ እስክትጨርስ ድረስ አትቆጪ።»