አርባውን መስመር በአንድ ቁልፍ

ባሕር ዳር ያሉ የኮምፒውተር ሰዎች ለችኩል ባልደረባቸው የሚወረውሯት አንዲት አባባል አለች። ብዙዎቹ ይሏታል እንጂ ከማን አፍ እንደ ወጣች አይጠይቁም። ታሪኳን የሚያውቅ ግን ዛሬም ሲያወራት ደሙ ይፈላል።

የርብ ወንዝ ሲሞላ የፎገራን ገበሬዎች በስልክ መልእክት የሚያስጠነቅቀውን ፕሮግራም የጻፈችው ጥሩወርቅ ናት። ለሙከራ የተጠቀመችባቸውን መስመሮች አልሰረዘቻቸውም፤ መነሻቸው ላይ ሁለት ያዘመሙ ጭረቶች አድርጋ አስተኝታቸዋለች። ጭረት ያለበትን መስመር ኮምፒውተሩ አልፎት ይሄዳል። ከተኙት አንዱ «ወንዙ ሞልቷል፤ ከብታችሁን ይዛችሁ ውጡ» የሚለውን ለሁሉም የሚልክ ነበር። ከሥሩ ያለው ንቁ መስመር ደግሞ የወንዙ ልክ ሳይታይ መልእክት እንዳይወጣ ይከለክላል።

ሐምሌ ላይ ባልደረባዋ ናሁሰናይ እዚያው ፕሮግራም ውስጥ አርባ መስመር ያለበትን ክፍል ሊያስተካክል ተቀመጠ። ኮድ በሚጽፍበት ኤዲተር ላይ ፕለጊን የሚሉት አዲስ ተጨማሪ መሣሪያ ጭኗል፤ የተመረጡ መስመሮችን በአንድ ቁልፍ የሚያስተኛና የሚያነቃ።

«አንድ በአንድ እያየህ ንካ» አለችው። «ቀድመው የተኙ አሉ። ደግሞ በቅጂው ላይ ሞክር እንጂ ዋናውን አትንካ።»

«ኧረ ጥሩዬ፣ ጊዜው ጥሎሽ ሄደ እኮ! አንዴ ስጫነው ሁሉም ጸጥ፣ ሁለተኛ ስጫነው ሁሉም ብድግ!»

እሷ ምሳ ልትበላ ስትወጣ ሁሉንም ለጊዜው ሊያስተኛ አርባውንም መስመር መርጦ ተጫነ። ፕለጊኑ ግን እያንዳንዱን መስመር ይገለብጣል እንጂ ሁሉን አያስተኛም። የነቃው ተኛ፣ የተኛው ነቃ። ናሁሰናይ ስክሪኑን እንኳ በወጉ ሳያይ ዋናውን ፕሮግራም አስነሳው።

የተኛው ጥሪ ለሁሉም ደረሰ። በዚያ የሐምሌ ዶፍ ዝናብ ሦስት መቶ አባወራ ከብቱን እየነዳ ጉብታ ላይ ወጣ። የአራት ቀን አራስ በቃሬዛ ተሸክመው አወጡ። ወንዙ ግን በልኩ ነበር።

የቢሮው ስልክ ሲንጫጫ ናሁሰናይ ደንግጦ ቁልፉን መልሶ ተጫነው። ሁሉም እንደ ነበረ ሆነ። ከዚያ አፉን ዘጋ! ሥራ አስኪያጁ ኮዱን ቢያስከፍት፣ የመልእክቱ መስመር በጥሩወርቅ ስም ተመዝግቧል።

«መስመሩ እኮ ተኝቷል» አለች ጥሩወርቅ።

«ተኝቶ ከሆነ ታዲያ ማን ላከው? ነገ ላፕቶፕሽን አስረክበሽ ሂጂ።»

ስድስት ዓመት የለፋችበት ሥራ በአንድ አፍታ! ወደ ናሁሰናይ ዞረች። እሱ ጫማውን ያያል።

«እኔ ምን አደረግሁ?» አለ። «ኮዱ እንዳለ ነው።»

ሌባ እንኳ በዚህ ልክ ዐይኑን በጨው አያጥብም። ጥሩወርቅ ማታ ቤቷ ሆና ያን አንድ ቁልፍ ስታስበው ነገሩ ገባት።

በማግሥቱ ላፕቶፑን ልታስረክብ ስትገባ፣ ከፎገራ ጎረቤቶቻቸውን ወክለው የመጡ አያ ደምሌ የሚባሉ ሽማግሌ ሥራ አስኪያጁ ፊት ቆመው አገኘቻቸው። አራሷ የልጃቸው ሚስት ናት።

«ትናንት ዋሻችሁን» ይላሉ። «ነገ እውነቱን ስትነግሩን ማን ይነሳላችኋል? ያጠፋውን አሳዩኝ!»

«አባቴ፣ አሳይዎታለሁ» አለች ጥሩወርቅ። ከስልክ ጋር ያልተገናኘውን ቅጂ ከፈተች። «ና ናሁሰናይ፣ ትናንት እንዳደረግኸው አድርግ።»

«ምን አገባኝ እኔ...»

«አድርግ ተብለሃል!» አለ ሥራ አስኪያጁ።

ናሁሰናይ አርባውንም መርጦ ተጫነ። ጭረቶቹ ከአንዱ መስመር ተነሥተው ሌላው ላይ አረፉ። ጥሩወርቅ በጣቷ እየነካች አስረዳች።

«ይኸ ጠባቂው ነው፤ ተኛ። ይኸ ደግሞ የውሸቱ ጥሪ ነው፤ ተነሣ። እያየህ ንካ ብዬው ነበር። ሕዝብ ካሸበረ በኋላ መልሶ ገለበጠና እኔን አስፈረደብኝ!»

ሥራ አስኪያጁ ላፕቶፑን ወደ እሷ ገፋ አድርጎ ይቅርታ ጠየቃት። ናሁሰናይ አሁንም ጫማውን ያያል። አያ ደምሌ ፊደል አልቆጠሩም፤ የሆነው ግን ከሁሉም በላይ ገብቷቸዋል። ከዘራቸውን ወደ ናሁሰናይ ቀስረው እንዲህ አሉ፦ «ሳያይ የነካ፣ ዘበኛ አስተኝቶ ሌባ አነቃ!»